ጅሎ የመታው ጣሪያ

ዲላ፣ ኅዳር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአበልጄ ለብዙወርቅ፣

ከእጅ ጽሕፈትሽ ጤናሽን ለማንበብ ሞከርኩ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ደህና ናት አልኩና ለባለቤቴም እንዲሁ ነገርኳት። ልጄ ፀዲም ክርስትና እናቴን ሳሙልኝ ብላለች።

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ሱራ ከጭነት መኪናው ሳይወርድ በመስኮት አቀበለኝ። ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜዬ ማን ሥራ ይሰጠኛል። አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ እንደገና አነበብኩት። ቀኑ በዚህ ሄደ፤ ይቅርታሽን።

ስለ ጌድዮን የጻፍሽውንም አይቻለሁ። ባልሽ ያረፈ ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ነው የቀረሁት። ሙት ዓመቱ ላይ ግን መንገዱ ክፍት ነበር። ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ሰው ላክሁ። አልወቀስሽኝም፤ ባትወቅሺኝም እኔ አውቀዋለሁ።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ፣ ቤትሽ ወደሚገባው ውሃ። ነገሩ በስልክ የሚያዝ አይደለም፣ ጻፍልኝ ማለትሽ ልክ ነው። «እሺ፣ እሺ» ስንባባል መስመሩ ይቋረጥና ለባለሙያው የምትነግሪው አይኖርሽም።

ውሃ የሚታይበትና የሚገባበት ቦታ አንድ አይደለም። ከቆርቆሮው ሥር ገብቶ በእንጨቱ ላይ ሦስት ክንድ ያህል ከተንሸራተተ በኋላ ነው የሚንጠባጠበው። ስለዚህ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ በጭስ ማውጫው ጥግ ያለው ቡናማ እድፍ ብቻውን አይመሰክርም። የጭስ ማውጫው አናት ላይ ያለው ሲሚንቶ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ዝናቡ ከላይ ገብቶ በጡቡ ውስጥ ይወርዳል። ጡቡም አርጅቶ ውሃ ይጠጣል። ደግሞ ዳቦ መጋገር ካቆማችሁ ስድስት ዓመት ሆኖታል ብለሻል። እሳት ያጣ ጭስ ማውጫ ያልበዋል፤ ጥላሸቱን እያጠበ ያወርደዋል።

ለማወቅ ደረቅ ቀን ጠብቂ። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ከኮርኒሱ በላይ ይግባ፣ ሌላው ጣሪያው ላይ ሆኖ በጎማ ውሃ ያፍስ። የሚጀምረው ከታች ነው። መጀመሪያ ከጭስ ማውጫው በታች ያለውን ቆርቆሮ ብቻ፣ ግማሽ ሰዓት። ካልገባ ጎኖቹን፣ ከዚያ ጀርባውን፣ በመጨረሻ አናቱን። ከላይ ከተጀመረ ሁሉም ይረጥብና ውሃውን ማን እንዳስገባው አይለይም።

እኔን ብትጠይቂኝ ግን ጥፋቱ ከቆርቆሮው ይመስለኛል። የምስማሩ ላስቲክ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጀምሩ። የድሮውን ነገር ለመቀስቀስ ብዬ አይደለም።

የክርስትና ልጅሽ አባት፣
አሰግድ


ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል
ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

አበልጄ፣

ደህና ነኝ። ጉልበትህ ከተሻለው ደስ ይለኛል፤ የኔም ከሰሞኑ ተፈትኗል፣ እነግርሃለሁ።

ባለሙያው ላልከው፣ እዚህ ፈንዲ ነው የሚሉት፣ ፈንዲዋ ሜርሲ ትባላለች። የሜሩ ልጅ ናት፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ግንበኝነቱን ማርሳቢት ተምራ መጥታ እዚህ ቀረች። አማርኛዋ ከገበያ የለቀመችው ነው፤ በእሱና በስዋሂሊ እንግባባለን። ሴት ጣሪያ ላይ ስትወጣ ሰፈሩ ቆሞ አየ። ቦዳ ቦዳ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ሞተራቸውን አጥፍተው ጠበቁ፣ ትወድቃለች ብለው። አልወደቀችም።

ከኮርኒሱ በላይ የገባሁት እኔ ነኝ። አትሳቅ። እኔ ካላየሁ አላምንም ብዬ በመሰላል ወጣሁ፣ አቧራው ውስጥ በሆዴ ተኛሁ። ሜርሲ እንዳልከው ከታች ጀመረች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አፈሰሰች፣ እንጨቱ ላይ ያለው አቧራ እንኳ አልረጠበም። ጎኖቹ ላይ ስትደርስ ትንሽ እርጥበት አየሁ። ጀርባው ላይ፣ ጡቡና ጣሪያው በሚገናኙበት ስታፈስ ግን ውሃው እንደ ቧንቧ መጣ፤ ባትሪውም እጄም በሰበሱ። አናቱን በማግስቱ ሲደርቅ ሞከረችው። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለው እንጂ ምንም አላስገባም።

ምስማሮቹንም አላለፈችም፤ አንተ ከዚያ ጀምሩ ስላልክ ሰባት ነቅላ አየች። ላስቲኩ ደርቋል፣ እውነትህን ነው። ግን ምስማሩ ሁሉ በቆርቆሮው ከፍታ ላይ ነው የተመታው፣ ቆርቆሮውም በሁለት ሞገድ ተደራርቧል፤ ስለዚህ ውሃ የሚያልፍበት የለም አለች። ከዚያ ተቀምጣ ላቧን እየጠረገች፣ ይህን ማባቲ፣ ቆርቆሮውን ማለቷ ነው፣ የመታው ማነው፣ አሁን እንዲህ አድርጎ የሚመታ የለም አለችኝ።

«ጅሎ የሚባል ሰው ነበር» አልኳት።

ነበር ያልኩት የሞተ አስመስዬ ነው። አልሞተም። እዚህ ቅርብ፣ ኦቦ የምትባለው መንደር ነው ያለው። ከተማ ከገባ ግን ስንት ዘመኑ።

አሰግድ፣ ያን ምድጃና ጭስ ማውጫ አንተ ገነባህ፣ በዚያው ወር ጅሎ ጣሪያውን መታ። ዝናብ ሲገባ ሁላችንም ጣሪያው ነው አልን። አሁን ሜርሲ ጣሪያው አይደለም ትላለች። በጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለውን ልስን ልስበርና ልይ ብላኛለች። ከልስኑ ሥር ምን እንዳለ የምታውቀው አንተ ነህ። ትስበረው?

ብዙወርቅ


ዲላ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአበልጄ፣

እንኳን ለገና አደረሰሽ፤ ሱራ ሲደርስ በዓሉ ያልፍ ይሆናል።

ልስኑን ባታሰብሪው ይሻላል። የቆየ ጡብ ነው። መዶሻ ከነካው ይላቀቅና ጭስ ማውጫው በሙሉ ልውረድ ይላል፣ ያኔ ሌላ ጣጣ ነው። ይልቅ ሜርሲ ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ አጽድታ ሬንጅ ታቅልጥና ሁለት ጊዜ ትቀባው። ለጥቂት ዓመት ይይዛል። እኔና አንቺ ከዚያ በላይ ምን እንፈልጋለን።

እዚህ ደህና ነን። የባለቤቴ ስኳር ከፍ ዝቅ ይላል። ፀዲ ሐዋሳ ሥራ ይዛለች፣ በሰንበት ትመጣለች። የጓሮው ቡና ዘንድሮ ፍሬው በጊዜ ረገፈ።

ጅሎ ኦቦ መሆኑን አላውቅም ነበር። ልጆች አሉት?

አሰግድ


ሞያሌ፣ ጥር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰግድ፣

ልስኑ ተሰብሯል። ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት ነው የተሰበረው፤ ደርሶም ቢሆን አሰብረው ነበር።

ሜርሲ በመሮ ጥቂት እንደነካችው ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ በእጇ ወጣ፤ የያዘው ነገር አልነበረም። እኔ ግንበኛ አይደለሁም፤ እሷ ጡቡን እያሳየች አስረዳችኝ። ጭስ ማውጫውን የሚከበው ቆርቆሮ ጡቡ ውስጥ መግባት ነበረበት። በጡቦቹ መገጣጠሚያ ላይ ቦይ ይቆረጣል፣ የቆርቆሮው ጠርዝ ታጥፎ እዚያ ይገባል፣ በሲሚንቶ ይዘጋል። በአራቱም ጎን ቦይ የለም። ቆርቆሮው ጡቡ ላይ ተለጥፎ ሬንጅ ተቀብቷል፣ ከላዩ ተለስኗል። ልስኑ ላይ ደግሞ በምስማር ጫፍ መስመር ተሰምሯል፤ ከታች ሆኖ ለሚያይ ቦይ ያለ እንዲመስል።

ይሄኔ ስህተት ነው አልኳት። ሜርሲ ራሷን ነቀነቀች። «ስህተት አይደለም። ይህ ሰው ምን መሥራት እንዳለበት ያውቅ ነበር» አለችኝ። ማን እንደሠራው አልነገርኳትም።

ሦስት ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም። ጅሎ ሌባ የተባለበትን የግንቦቱን ቀን ነው የማስበው። ጅሎ ከዚያ በፊት ጣሪያውን ሁለት ጊዜ አንስቶ መልሶ መትቶት ነበር፤ ለምግቡ እንኳ ሳይቀመጥ። ሦስተኛ ዝናብ ሲገባ ጌድዮን ሽማግሌዎቹንና ነጋዴዎቹን ዳቦ ቤቱ ደጅ ሰበሰበ። አዲሱን ቆርቆሮ ሸጦ አሮጌ መታብኝ አለ። ጅሎ አልሸጥኩም አለ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገረም። ከዚያ እኔ ተጠየቅኩ። አሮጌ ቆርቆሮ ሲጭን በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ።

ያየሁት አሮጌ ቆርቆሮ የራሳችን የድሮ ጣሪያ ነበር፤ ከግቢ አውጥቶ ሊጥልልን ሲጭነው። ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ባሌ በሰው ፊት እንዳያፍር ብዬ ነው የተናገርኩት። ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም፤ ለአንተ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሞያሌ በዚህም ሆነ በዚያ በኩል ጅሎን ጣሪያ ምታልኝ ያለው ሰው የለም። ሌባ ተባለ። ቆርቆሮ የጫነ ጋሪ ባለፈ ቁጥር ልጆች በስሙ ይቀልዱ ነበር።

አንተ ያን ቀን ከጌድዮን ቀኝ ቆመህ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ፤ ያን ቀን ታውቅ ነበር?

ስልክ አትደውል። ድምፅህን መስማት አልችልም።

ብዙወርቅ


ዲላ፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ብዙወርቅ፣

አዎ። አውቅ ነበር።

ከዚህ በላይ ባልጽፍ ይሻል ይሆናል፤ ግን እንዴት እንደሆነ ለማንም ሳልናገር መሞት አልፈልግም።

ለገና ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር። ጌድዮን ምድጃው ለበዓል ዳቦ ይድረስ ብሎ ነበር፤ ለሰው ሁሉ ተናግሯል። በመዶሻና በመሮ በአራት ጎን ቦይ መቁረጥ የሁለት ቀን ሥራ ነው። እኔ ገና አናቱን አልጨረስኩም። ለጊዜው በሬንጅ ልያዘው፣ ከበዓል በኋላ እቆርጠዋለሁ አልኩ። ጅሎ ቆርቆሮውን ሊያገናኝ ሲመጣ «ቦዩን ቆርጠሃል?» አለኝ። «ቆርጫለሁ» አልኩት። መስመሩን ያሰመርኩት ከዚያ በፊት ነው። አምኖኝ ሥራውን ቀጠለ።

ከበዓሉ በኋላ እሳቱ አልጠፋም። ዳቦው ተወደደ፣ ምድጃው ቀንም ሌትም ይነድ ነበር። በዚያ ሙቀት ማን ይወጣል እያልኩ ሳምንቱን በሳምንት ገፋሁት። ከዚያ ዝናቡ መጣ።

ያን ቀን ከጌድዮን አጠገብ ቆሜ አፌን ሁለት ጊዜ ከፍቻለሁ። ከዋልዳው ካምፕ ሳይፈቀድልኝ የወጣሁ ስደተኛ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። ወረቀት አልነበረኝም። ፖሊስ ሲያስቆመኝ ጌድዮን የኔ ሰው ነው እያለ ነበር የሚያሳልፈኝ። ባለቤቴ ፀዲን የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። እጁን ከላዬ ካነሳ በማግስቱ ወደ አገር በሚመልስ መኪና ላይ ነኝ ብዬ አሰብኩ። አፌን መልሼ ዘጋሁት። አንቺ ስትመሰክሪ ደግሞ፣ እሷ በዓይኗ አይታለች፣ ምናልባት እውነትም ጅሎ አጥፍቶ ይሆናል ብዬ ራሴን ማታለል ጀመርኩ። ቦዩን እንዳልቆረጥኩ እያወቅሁ።

ለዚያ ቀን ምክንያት አለኝ። ወረቀቴን ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሞያሌ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖሬአለሁ። ፀዲን አንቺ ክርስትና አንስተሻታል፤ በየበዓሉ ቤትሽ በልቻለሁ፣ ያ እድፍ ያለበት ግድግዳ ሥር ተቀምጬ። ለእነዚያ ዓመታት ምክንያት የለኝም። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

ከሁሉ የሚብሰኝ የኅዳሩ ደብዳቤ ነው። ከዚያ ጀምሩ ብዬ ስለ ምስማሩ ስጽፍልሽ የሚያስረኝ ፖሊስ አልነበረም፤ ጌድዮንም የለም። በስልሳ ዓመቴ፣ በገዛ ቤቴ ተቀምጬ እንደገና ጅሎ ላይ ጣልኩት።

ባለቤቴ አታውቅም። ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ለጅሎ ምን ላድርግ? መጻፍ ይበቃል ወይስ ልምጣ? አንቺ የምትይኝን አደርጋለሁ።

አሰግድ


ሞያሌ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰግድ፣

ሁለት ወር ዝም አልኩህ። ሱራ ሲመጣና ሲሄድ ደብዳቤ የለም ወይ ይለኛል፣ የለም እለዋለሁ። ተቀይሜ አይደለም ብል እዋሻለሁ። ግን ቁጣዬን ስመረምረው ግማሹ የራሴ ነው፤ አንተ ላይ ልጭነው ፈልጌ ነበር።

ቤቱ ደርቋል። ሜርሲ ቦዩን በማሽን ቆረጠችው፣ ሁለት ጣት ጥልቀት። አንዱን ቆርቆሮ ከጣሪያው ወደ ጡቡ አጥፋ አቆመችው፣ ሌላውን ከቦዩ አውርዳ ከላዩ ደረበችበት። ከጀርባው ውሃ እንዳይተኛ ወደ ሁለት የሚከፍል ትንሽ ተዳፋት ሠራች፣ አናቱንም ከጡቡ ወጣ ያለ የሲሚንቶ ክዳን አለበሰችው። አራት ቀን ፈጀባት። ዝናቡ በመጋቢት አጋማሽ ገባ፣ ከባድ ዝናብ ነው። ግድግዳው ላይ እጄን አሳርፌ አየሁ፤ ደረቅ ነው። አራት ቀን ብቻ ነበር የሚፈልገው፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊትም።

ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ኦቦ ሄጄ ነበር። መንገዱ አሁንም ያው ነው፤ በቦዳ ቦዳ ሄጄ ወገቤን ሳምንት ሙሉ አመመኝ። ጅሎ ከስቷል። በድርቁ ከብቶቹ አልቀው ሁለት ላምና ጥቂት ፍየሎች ናቸው የቀሩት። ሚስቱ ሞታለች፤ ከልጁ ከሀያቱ ጋር ነው የሚኖረው። አወቀኝ። ሀያቱ ሻይ በወተት አፈላችልኝ፣ እሱ ስለ ጌድዮን ነፍስ ይማር አለ። ለቅሶውም መጥቶ ነበር አሉ፤ አጥር ሥር ቆሞ ተመልሷል፣ እኔ አላየሁትም።

ሜርሲ ያገኘችውን ነገርኩት። ስጨርስ ጭስ ማውጫው መሆኑን አውቅ ነበር አለኝ። ጣሪያውን ሁለተኛ ጊዜ ሲያነሳ ያን ቆርቆሮ በእጁ ሳብ አድርጎት ተነስቶለታል፤ ቦይ እንደሌለ ያን ጊዜ አየ።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?» አልኩት።

አማርኛው እንደ ድሮው ነው፣ ወንዱን አንቺ ሴቱን አንተ ይላል፤ እኔ አስተካክዬ ነው የምጽፍልህ። ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፤ «እኔ ብናገር ነገሩ የመንግሥት ሹሙ፣ ቺፉ ጋ ይደርሳል፤ ቺፉ ማን ሠራው ብሎ ያስጠራዋል። ልጁ ወረቀት የለውም፣ ሚስቱ ሆዷ ገፍቷል። እኔ ኪፓንዴ፣ መታወቂያው፣ በኪሴ አለ፣ አገሬ ነው፣ ከብት አለኝ። ከእኔ የሚጠፋው ስም ነው፣ ከእሱ የሚጠፋው ሰው ነው አልኩ።»

ልጁ ያለው አንተን ነው፣ አሰግድ።

ከዚያ የራሴን ነገርኩት፤ የአሮጌውን ቆርቆሮ ነገር፣ እያወቅሁ መመስከሬን። ያንተን ሲሰማ ፊቱ አልተለወጠም ነበር። የኔን ሲሰማ ወደ መሬት አየ። አንቺ የተሳሳትሽ መስሎኝ ነበር አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ተሳስታ ነው እያለ ኖሯል። እውነቱን ተናግሬ ያንን ከእሱ ወሰድኩበት።

እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ከለከለኝ። የለመነኝ አንድ ነገር ነው፤ በተናገርሽበት ቦታ ተናገሪ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዳቦ ቤቱ ደጅ ወንበር አስደርድሬ ሰው ጠራሁ። ቆሜ ተናገርኩ። ስምህን አልደበቅኩም፣ የኔንም። ከዚያ ቀን ሰዎች በሕይወት ያሉት ሦስት ናቸው፤ አንዱ ጆሮው አይሰማም። ሌላው ሰው ሁሉ ወጣት ነው። በትሕትና አዳመጡኝ፣ ሲያበቃ አንዱ ልጅ ወደ ጓደኛው ዘንበል ብሎ ጅሎ ማነው ሲል ሰማሁት። ያንን ከሰሙት የሚበዙት ሞተዋል፤ ይህን የሰሙት ያንን አያውቁም። ጅሎ ራሱ አልመጣም። ሀያቱ ነበረች፣ ከኋላ ቆማ። ስጨርስ በአንገቷ ምልክት ሰጥታኝ ሄደች።

ልምጣ ወይ ላልከኝ፣ እኔ አልወስንልህም። ጅሎን ግን ጠይቄልሃለሁ። «ኦቦ ነኝ፣ የትም አልሄድኩም» አለ።

ብዙወርቅ


ዲላ፣ ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአበልጄ ለብዙወርቅ፣

አበልጄ ብዬ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም። ካልፈለግሽ በሚቀጥለው እተወዋለሁ።

ሱራ ነግሮሻል መሰለኝ፤ ሞያሌ መጥቼ ነበር። ድንበሩን ተሻግሬ ደጅሽን አልፌ ነው የሄድኩት፣ ስመለስም እንዲሁ። ከመንገድ ማዶ ቆሜ ጭስ ማውጫውን አየሁት። የሜርሲ ሥራ ጥሩ ነው፣ ንገሪያት። በርሽን ለማንኳኳት ግን መጀመሪያ ኦቦ መድረስ አለብኝ አልኩ፤ ከኦቦ ስመለስ ደግሞ ጉልበት አጣሁ። ለዚህም ይቅርታ።

ለባለቤቴ እነግራታለሁ ብዬሽ ነበር። ነግሬአታለሁ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ያን ጊዜ ጅሎ ለአራስ ቤት ቅቤ ልኮላት እንደነበር ነገረችኝ። እኔ አላወቅኩም ነበር። ሂድ ያለችኝ እሷ ናት።

ኦቦ ስደርስ ጅሎ ደጅ ተቀምጦ ነበር። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ የመታው ሌላ ሰው ነው፣ ምስማሩን በቆርቆሮው ዝቅታ ላይ ነው የመታው፣ ውሃው በሚሄድበት። ቤት ውስጥ ሦስት ቦታ ባልዲ ተቀምጧል። ሀያቱን ለምን አላስተካከለውም ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኳት። ከከተማ ከወጣ ጀምሮ መዶሻ ይዞ አያውቅም አለችኝ።

ልክ እንደ ትናንትና ተቀበለኝ። ሚስትህ እንዴት ናት፣ ያን ጊዜ የተወለደችው ምን ሆነች አለ። ፀዲ ትባላለች፣ ሐዋሳ ትሠራለች አልኩት። ጥሩ፣ ጥሩ አለ። እኔ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ቃል ነበረኝ። ስጀምረው ተሰባበረብኝ። ቦዩን ቆርጫለሁ ብዬ ዋሸሁህ አልኩት፣ ያን ቀን አጠገብህ ሳልቆም ቀረሁ አልኩት፣ ሌላው ጠፋኝ። ከዚያ የተናገረውን፣ አንቺና አንተውን ብቻ አስተካክዬ፣ ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፣ ረስቼው እንዳልገኝ።

«የመጀመሪያውን ዓመት ፈርቷል አልኩ። ልክ ነህ፣ ያስፈራል። ከዚያ ወረቀት አገኘ ሲሉ ሰማሁ። አሁን ይናገራል አልኩ። በገበያ ቀን ንጹሕ ሸሚዝ እለብስ ነበር፣ ዛሬ ይጠሩኛል ብዬ። ሚስቴ ወዴት ነው ትለኛለች፣ የትም እላታለሁ። አገርህ ገባህ ሲባል ሸሚዙን ለወንድሜ ሰጠሁት።»

ይህን ሲል ቁጣ አልነበረበትም። ስለ ሌላ ሰው የሚናገር ነበር የሚመስለው።

ጣሪያህን ላስተካክልልህ አልኩት፤ ምስማሩን ልንቀለው፣ መልሼ በከፍታው ልምታው። አይሆንም አለኝ። ልጄ ባል አላት፣ እሱ ያስተካክለዋል አለ። ያን ብቻ ነው የከለከለኝ። ከዚያ በዱላው ተደግፎ ቦዳ ቦዳው እስከቆመበት ሸኘኝ፤ እኔ እርምጃዬን አዘገየሁለት፣ እሱም አልቸኮለም።

ይቅር አለህ ወይ ትይ ይሆናል። ብሎኛል። ሞተሩ ሳይነሳ እጄን ይዞ ይቅር ብያለሁ፣ ለብዙወርቅም ንገር አለኝ። ስለዚህ ለአንቺም ይሄው።

ለሁለት ዓመት፣ ለሦስት ዓመት፣ ምናልባትም ለሰባት፣ በየገበያው ቀን ያን ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል። እኔ ያን ጊዜ ከዚያ ቤት በቦዳ ቦዳ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አልርቅም ነበር። ይቅርታውን ሰጥቶኛል፣ ተቀብያለሁ። እነዚያን ቀናት ግን በምን ልመልስለት።

አሰግድ